ለሻምበል የሚሆን ቤት

ተቆጣጣሪው ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት ቢያልፈውም ሜትሩ ከኪሱ አልወጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤት የሰው ቤት ሲመረምር ኖሯል፤ ይህ ግድግዳ ይጠገን፣ ይህ ደረጃ ሰው ይሰብራል፣ ይህ ይፍረስ። የጫጫረውን ሪፖርት ሁሉ በታይፕ ትገለብጥለት የነበረችው የክፍሉ ጸሐፊ ናት። ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ አገባት፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚለው። እሷ ደግሞ «የሰው ቤት ሲያፈርስ ኖሮ የራሱን መሥራት አቅቶት ነው» ትላለች።

ልጅ አልወለዱም። ከአምስት ዓመት በፊት ከውሾች መጠለያ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ሽማግሌ ውሻ አመጡ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ የኋላ እግሩን እያነሳ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ መኮንን ስለሚራመድ ሻምበል አሉት።

ሚስትየዋ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ባልየውን ኮሪደር ላይ አቁሞ «ቢበዛ ሁለት ሳምንት» አለው። ለእሷ የነገራት የለም። መንገርም አላስፈለገም።

«እኔ ስሄድ አንተ እህትህ ዘንድ ነው የምትገባው» አለችው። «እሷ ደግሞ ውሻ ስታይ ወንበር ላይ ነው የምትወጣው። ለሻምበል ሰው ፈልግለት።»

«እፈልጋለሁ።»

«ያገኘኸው ሁሉ እንዳይመስልህ። አንዴ ተጥሎ የተነሣ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ዳግመኛ አይጣልም። እሱ ቤት ሳያገኝ እኔ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም።»

እንዲህ ስትል ባልየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመጣል። ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፤ መነጽሩን ያደርጋል፤ ያነባል።

«ቤት ቁጥር አንድ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አጥር፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ። መግቢያው ላይ ዐሥራ አራት ደረጃ።»

«በሦስት እግር ዐሥራ አራት ደረጃ?»

«አይሆንም ብያለሁ።»

«ደግ አደረግክ።»

ሁለተኛው ቤት ድመት ነበረበት። የሦስተኛው ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ የሰገነቷ ብረት ግን በዐሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር የተራራቀ ነው። ሚስቱ የሻምበል ጭንቅላት በዚያ አያልፍም ብላ ተከራከረች። «እግሩ ያልፋል» ብሎ ሰረዘው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እሱ ሲያነብ እሷ ኮቱ ላይ የቀረውን የውሻ ጸጉር በሁለት ጣቷ ትለቅም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እጇን አንሥታ እጅጌውን ዳበሰችና ባዶዋን መልሳ አልጋው ላይ አኖረቻት። ደክማ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሦስትም አለፈ። ሐኪሙ ሰንጠረዡን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«ቤት ቁጥር ዐሥራ ሰባት» አለ ተቆጣጣሪው። «ከድልድዩ ማዶ። ግቢው መሐል ጉድጓድ አለ።»

«ያ ድሮ የተየብኩት፣ ክዳን የሌለው?»

«እሱ ነው። አሁንም አልከደኑትም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትሳቅ ይመማት አልታወቀም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የክፍሉ ነርስ አላስችል አላት። መውጫው ላይ ጠበቀችው።

«አባባ፣ አጎቴ ውሻ ይወዳሉ። ቤታቸው ደረጃ የለው፣ ድመት የለው። ነገ መጥተው ውሻውን ይዩት?»

«አይሆንም።»

«ቤቱን እንኳ ሳያዩ?»

«ሻምበል እንግዳ አይወድም።»

«አይቆጡኝና፣ እንግዳ የማይወዱት እርስዎ ነዎት» አለች ነርሷ። «ውሻውን መስጠት አልፈለጉም። ለእያንዳንዱ ቤት እንከን ያወጣሉ። ባለቤትዎ ደግሞ ለዚህ ብለው በሕመም እየተቃጠሉ ይጠብቃሉ። መርፌው መሥራት ካቆመ ሰንብቷል። አንሶላውን እንዴት እንደሚነክሱት የማየው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሲመጡ ፊታቸውን ታጥበው ነው የሚያገኟቸው።»

ይህን አያውቅም ነበር።

«ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?»

«ተገኘ ይበሏቸው። ይረፉበት።»

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች ሁለት ጊዜ ስትመላለስ፣ ሜትሩን እየሳበ ሲለቅ፣ እየሳበ ሲለቅ አየችው። በሦስተኛው ወንበሩ ባዶ ነበር።

ወደ ሚስቱ ክፍል ተመልሶ «ቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ» ብሎ ጀመረ። «ደረጃ የለም። ድመት የለም። አጥሩ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ ትወጣለች። ባለቤቲቱ ዝምተኛ ናት፤ ከቤት አትወጣም።»

«እንከኑስ?»

«አላገኘሁበትም።»

እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፎ አያውቅም። እሷም ተይባ አታውቅም።

«ፈርምበታ» አለችው።

ፈረመ። ስክሪብቶው ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደው። ደብተሩን ተቀብላ፣ ድሮ ቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ ታደርግ እንደነበረው ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ነርሷ መስኮቱ ዘንድ መጋረጃ የምታስተካክል መስላ ዐይኗን ጠረገች።

ሚስቱ ደብተሩን ዘጋችና በእጅጌው ሳብ አድርጋ አስጠጋችው።

«እንግዲህ ጨርሰሃል» አለችው። «አሁን ንገረኝ፤ ሻምበልን የት ቀበርከው?»