ከእሱ እጅ ብቻ የሚበላው ልጅ

«አልከፍትም አለ እኮ! ጥርሱን ገጥሟል!»

መምህሯ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች...

የተፈጨው ድንችና ካሮት ከልጁ ከንፈር ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል።

ረዳቱ በሩን ተደግፎ ይስቃል።

«መምህር፣ አይልፉ! አለቃ የሚፈልገው እኔን ነው።»

«አለቃ» የሚለውን ስም ለልጁ ያወጣለት ራሱ ረዳቱ ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አይናገርም፣ አይራመድም፣ አንገቱን እንኳ የሚደግፍለት የዊልቸሩ ትራስ ነው። ግን እሱ ካልበላ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይበላም... አለቅነት ከዚህ በላይ ምን አለ?

ረዳቱን ጓደኞቹ «ጩሉሌ» ይሉታል። ትምህርቱን ገና በጊዜ ጥሎ፣ መጋዘን ውስጥ ሲጭን ሲያወርድ የኖረ ልጅ ነው። ከባድ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ክፍል ውስጥ የተቀጠረውም ለጉልበቱ ነበር። ከዊልቸር ወደ ፍራሽ፣ ከፍራሽ ወደ መታጠቢያ ቤት እንዲሸከም።

ማንም ያላሰበው ግን... ልጆቹን ወደዳቸው።

አለቃን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ።

አጠገቡ ቁጭ ይላል። አገጩን ከሥር በአውራ ጣቱ ይደግፋል። ማንኪያውን ከፊት ሳይሆን ከጎን ያስገባል። ጆሮው ሥር እያንጎራጎረ ጉሮሮው ወረድ እስኪል ይጠብቃል...

ሳህኑ ሙልጭ!

ሌሎቹ ረዳቶች «እስቲ ለእኛም አሳየን» ሲሉት ዓይኑን ይጠቅሳል።

«ሙያ በልብ ነው!»

ክፍሉ ግን አንድ ሕግ ነበረው። አንድም ልጅ ከአንድ ሰው እጅ ብቻ አይበላም። ልጁ እጅ እንዳይመርጥ ረዳቶቹ ይፈራረቃሉ።

መምህሯ ነገረችው፣ ደግማ ነገረችው።

«ስማ ልጄ፣ ዛሬ አለህ። ነገ ብትታመምስ? ማንኪያውን ልቀቅ። ትንሽ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለምዳል።»

«በረሃብ እንቅጣው እያሉኝ ነው?»

«ይልመድ ነው የምልህ!»

እሺ አላት...

ተራው የእሷ ሲሆን ግን በር ላይ ሄዶ ይገተራል። አለቃ ያየዋል። አፉን ገጥሞ ዓይኑን እሱ ላይ ይተክላል። ጩሉሌ አንጀቱ አይችልም፤ ገብቶ ማንኪያውን ይቀበላታል።

በልቡም «ቀንታ ነው!» ይላል።

እውነቱን እንነጋገር... አባቱ «የማትረባ» እያለ ያሳደገው ሰው፣ አንድ ነፍስ «ካላንተ አልበላም» ስትለው ምን ይሰማዋል?

ነገሠ!

ከሥራ ሲወጣም ልጁ ቤት ጎራ እያለ እራቱን ማብላት ጀመረ። ቅዳሜ አይቀር፣ እሁድ አይቀር።

እናቲቱ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ተነስታ በር ትከፍትለታለች።

«ና ወንድሜ፣ አለቃህ ቆሽቱ አሯል! ከእኔ እጅማ እምቢ ብሎኛል። ይሄ ልጄ አይደለም፣ አማቴ ነው!»

ይሳሳቃሉ።

ከዚያ... አንድ ቀን ጠዋት አለቃን ከዊልቸሩ ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ።

እዚያው ተንበረከከ። ልጁን ግን አልጣለውም።

አልጋ ላይ ቀረ። መነሳት የለም፣ መቀመጥ የለም።

ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ዛሬም አልበላልኝም...»

«ከጎን አስገቢው! አገጩን ደግፊው!»

«ደገፍኩት እኮ! በሩን በሩን ነው የሚያየው።»

«እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።»

አንጎራጎረለት...

አለቃ ድምፁን ሲሰማ ፈገግ አለ። አፉን ግን አልከፈተም።

መምህሯ ልጁ ቤት ድረስ ሄዳ ሞከረች። ረዳቶቹ በየተራ ሞከሩ። ጩሉሌ በልቡ የያዘውን ሙያ ሁሉ አሁን በስልክ ይጮኸዋል... እጅ ግን በስልክ አይላክም።

ጨንቋቸው በግድ ሲሰጡት ምግቡ ወደ ሳንባው ገባ።

ጩሉሌ ሆስፒታል የደረሰው ወንድሙ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

አለቃ አጥንቱ ቀርቷል። አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ገብቷል።

ጩሉሌን ገና ሲያየው...

አፉን ከፈተ። ወለል አድርጎ!

«ማንኪያ! ማንኪያ ስጡኝ!»

ሐኪሙ ክንዱን ያዘው።

«አይሆንም። ጉሮሮው ደክሟል፣ መዋጥ አይችልም። አንድ ጉርሻ ትገድለዋለች።»

«እኔ እኮ ነኝ! ከእኔ እጅ ይበላል!»

«ከማንም እጅ አይበላም። ከእንግዲህ በቱቦ ነው... ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ።»

አለቃ አፉን እንደከፈተ ጠበቀ...

ጠበቀ...

ምራቁ በጉንጩ ወረደ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ገጠመው። ዓይኑንም ከጩሉሌ ላይ አነሳ።

ኮሪደሩ ላይ እናቲቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም። አልጮኸችም።

«አንተ ከመምጣትህ በፊት ከእኔ እጅ ይበላ ነበር» አለችው።

ጩሉሌ ይህን አያውቅም ነበር። ጠይቆም አያውቅ።

«እየተፋ፣ እያንጠባጠበ፣ ግማሽ ቀኔን እየበላ... ግን ይበላ ነበር። አንተ ስትመጣ ቀለለኝ። ተውኩት። እጄን ረሳው።»

ወዳጆቼ... ጩሉሌ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያመውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድበነው እናልፍ ነበር።

«ካለእኔ አይሆንለትም» ብላችሁ በሆዳችሁ የምትኮሩበት ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሌላ እጅ አስለምዱት። መውደድ ማለት እናንተ የሌላችሁበትንም ቀን ማሰብ ነው። ሌላው... ሰው እንዲፈልገን መፈለግ ነው።

ጩሉሌ ሊሄድ ሲል እናቲቱ አንድ ነገር ጠየቀችው። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘላትም። እስቲ እናንተ በእሱ ቦታ ሆናችሁ ኮሜንት ላይ መልሱላት...

«ወንድሜ፣ ብረግምህ እግዜር ይታዘበኛል። ባመሰግንህ ልጄ ይታዘበኛል። ምን ልበልህ?»