ለቄሱ የተጻፈው የስም ዝርዝር

«ገብረ ሕይወት» አለ አምሳ አለቃው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ልምምዱ ተቋርጦ ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ይሆናሉ፤ አሥራ አንዱ የእኔ ተጫዋቾች ናቸው፣ የቀሩት ሊያዩ የመጡ ተማሪዎች። ማንም አልተነሣም።

«ስሙ የተጠራ ይነሣ ብያለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። መኪናው ከተማ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ውትድርናው ብቻ አይደለም ያስደነገጠኝ። ገብረ ሕይወት የበረኛዬ የስዩም የክርስትና ስም ነው። አምሳ አለቃው የያዘው ወረቀት የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ግን ለቀበሌ የጻፍሁት አይደለም።

የፍኖተ ሰላምን ቡድን ሳሠለጥን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የጀመርሁት በንጉሡ ጊዜ ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ከመጠየቄ በፊት የክርስትና ስሙን እጠይቀዋለሁ። ከትልቅ ግጥሚያ በፊት የሁሉንም ስም ጽፌ ለሚካኤል ቄስ እሰጣለሁ፤ እሳቸውም በጸሎት ያስቡናል። ካድሬዎቹ ቢሰሙ አሠልጣኝነቴ በዚያው ያበቃ ነበር። ቢሆንም ያለዚያ ሜዳ ገብቼ አላውቅም፤ ግትር ነኝ።

ትናንት ደግሞ ቀበሌው የተጫዋቾችህን ስም ጽፈህ አምጣ አለኝ። እሑድ ደብረ ማርቆስ ላይ ከቡሬ ጋር ለዋንጫ ስለምንገጥም የይለፍ ወረቀት ሊያወጣልን ነው ተባልሁ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ጻፍሁ። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ኪስ ከትቼ ወጣሁና የቄሱን ለቀበሌ፣ የቀበሌውን ለቄሱ ሰጥቼ ኖሯል። ጸሐፊውም ሳያነብ ማኅተም መትቶ ለአምሳ አለቃው አሳልፎ ሰጥቶታል።

«ክንፈ ሚካኤል።»

ይሄ ክንዱ ነው፣ አጥቂዬ። ችግሩ ክንዱ ዲያቆንም ነው፤ በዚህ ስም ሲጠሩት አቤት ማለት ለምዷል። ሊነሣ ጉልበቱን ሲሰበስብ አየሁት። ስዩም ከጎኑ ሆኖ ማልያውን ይዞ ወደ ታች ሳበው፤ ክንዱም እንደ መንቃት ብሎ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ አደይ ታላቁን ልጇን ወደ ሰሜን ሸኝታ እስከ ዛሬ ወሬውን አልሰማችም። እኔ ነኝ እንግዲህ ሁለተኛውን በገዛ እጄ ጽፌ የሰጠሁት።

አምሳ አለቃው ስም እየጠራ በዝርዝሩ ወደ ታች ወረደ። አንድም አቤት የሚለው አላገኘም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ሁሉም የመነኩሴ ስም ነው እንዴ?» አለና አጠገቡ ጠመንጃ ይዞ ወደ ቆመው ወደ ዘሩ ዞረ። ዘሩ የቀበሌያችን ሚሊሺያ ነው። «አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ። ገብረ ሕይወት የትኛው ነው?»

ስዩምን ክርስትና ያነሣው ዘሩ ነው። ያንን ስም ከቄሱ አፍ ተቀብሎ ለእናቱ ያደረሰላት እሱ ራሱ ነው።

ዘሩ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔ እንጃ፣ ጓድ አምሳ አለቃ። እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ቀበሌ አላውቅም።»

«አንድ ቀርቷል» አለ አምሳ አለቃው። «ኃይለ ሚካኤል።»

እኔ ነኝ። ቄሱ ለእኔም እንዲጸልዩልኝ ራሴን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ላይ እጽፋለሁ። በዚህ ስም ከንስሐ አባቴ በቀር የሚጠራኝ የለም። አፌ ላይ የደረሰውን አቤት ዋጥሁት።

«እርስዎስ አያውቁትም?» አለኝ።

«አላውቀውም፣ ጓድ» አልሁ። ምላሴ አልተደናቀፈም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ምን እንደምል ያን ጊዜ አላሰብሁበትም።

አምሳ አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ቀበሌያችሁ የሌለ ሰው ነው የሰጠኝ። ጸሐፊውን ይዤው እመጣለሁ፣ በመልካቸው ይለያቸዋል። ዘሩ፣ አንድም ሰው ከዚህ እንዳይነቃነቅ።» ብሎ ወደ ከተማ ገሰገሰ።

ዘሩ አምሳ አለቃው ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ በቆመበት ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ሠላሳ ናቸው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «የጠየቀኝ እንደሁ እንዲህ ነው የምለው።»

ወደ ልጆቹ ሄድሁ። «ዛሬ ኳስ የለም፣ ሩጫ ነው» አልኋቸው። «በእርሻው ቆርጣችሁ እስከ ቋሪት፣ ገበዘ ማርያም ድረስ። እዚያ ዘመድ ያለው የሌለውን ይዞ ይግባ። እኔ ሳልልክበት የሚመለስ ካለ ቡድኔ ውስጥ ቦታ የለውም።»

«እሑድስ ጋሼ?» አለ ክንዱ።

«ሩጥ አልሁህ።»

ሮጡ። ተማሪዎቹም ወደየቤታቸው ተበተኑ። ፍጠኑ እያልሁ ስንት ዓመት ጉሮሮዬን የላጥሁባቸው ልጆች ዛሬ ጤፉን እየዘለሉ ሲበሩ አንድ ቃል መናገር አላስፈለገኝም። የመጨረሻው ማልያ ከባሕር ዛፉ ኋላ ሲጠፋ ሣሩ ላይ ተዘረፈጥሁ። እፎይ አልሁ። እንዲያ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላውቅም።

ዘሩ ፊቱን ሳያዞር ተናገረኝ። «አያ ቸኮለ፣ እሑድ ቡሬን በማን ሊገጥሙ ነው እንግዲህ?»

ባዶውን ሜዳ አየሁ። ዋንጫ ቀርቶ ኳስ የሚያቀብለኝ ሰው እንኳ አልነበረኝም።

«በፎርፌ ይውሰዱት» አልሁ፣ ሳቄም አመለጠኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ቡሬ አሸንፎን የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።