የብርነሽ መዳፍ

ዶክተር ሃድጉ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ነው የኖረው። ፖሊስ መርዝ በጠረጠረ ቁጥር የሚጠራው እሱን ነው። ተማሪዎቹን ደንቆሮ፣ የካዛንቺስ ጎረቤቶቹን መሃይም ይላል። ዕድሜው ስልሳን አልፏል፤ ጸጉሩ ግን ከሰል ነው። «የዘራችን ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጎረቤቱ ፍቅሬ በስተርጅና ብርነሽ የምትባል ወጣት አግብቶ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሰፈሩ ፍርዱን የሰጠው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮዋን እየዘገነ ነው።

«ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ ቤቱን ፈልጋ ነው» አለ አንዱ።

«ካገባ ወዲህ እኮ ጎልማሳ መስሎ ነበር» አለች የሟች እህት። «እንዲያ ያማረበት ሰው በደህና አይሞትም።»

ፖሊስ የባልና የሚስትን ጸጉር ለሃድጉ ላከ። የፍቅሬ ጸጉር እርሳስ በሚባለው መርዛማ ብረት ተሞልቶ ተገኘ። የብርነሽ ንጹሕ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ መርዙን በአረቄ አጠጣችው አለ። ጥፋተኛ ከተባለች ዕድሜዋ እስር ቤት ማለቁ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ አረቄ ሳቀርብለት እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምስ ነበር» አለች ብርነሽ። «መርዝ ቢኖርበት እኔስ እተርፍ ነበር?»

ሃድጉ ፈገግ አለ። «ቀምሳ ቢሆን ጸጉሯ ላይ ይገኝ ነበር። መሣሪያዬ ወግ አያውቅም።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ቤት አልነበር የሚውለው? እየሳቀ ነበር የሚመለሰው። እኛ ቤት ሞት ቢሸተው ይመለስ ነበር?»

«ዳማ እንጫወት ነበር» አለ ሃድጉ፣ ወደ ዳኛው እያየ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከአረቄው ሌላ፣ ይህ እርሳስ ጸጉሩ ላይ ከየት ሊመጣ ይችላል?»

ሃድጉ እጁን ወደ ጸጉሩ ሰደድ አድርጎ መለሰው። «ከየትም ሊመጣ አይችልም።»

ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሰፈሩ «እሰይ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ሃድጉ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አጠለቀ። መሃይም ሴት ከሳይንስ ጋር መሟገቷ መንገዱን ሙሉ አስገረመው።

ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈና መስተዋቱ ፊት ተቀምጦ፣ ከእርሳስ ጨው በገዛ እጁ የቀመመውን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፍቅሬም ይቀባለት የነበረውን የሽበት ቀለም ጸጉሩን ተቀባ።