ጠረጴዛው ላይ ያልገባው ቤት

የከተማው ግንባታ ለማሽኖች ከተተወ ወዲህ፣ ፎቶውን ብዙ ሰው በስልክ የወደደው የሰፈር ሞዴል እንደ ነዋሪው ፈቃድ ይቆጠራል፤ ማሽኖቹም ከተማውን በዚያው ልክ ያስተካክላሉ። ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ ሙክታር ደንቡ እሱንም ይነካዋል ብሎ አላሰበም። የድሬዳዋን ጣቢያና የራሱን ሰፈር ጠረጴዛ ላይ በካርቶን ሠርቶ፣ ትንሽ ባቡር ዘርግቶበት፣ ፎቶውን ለሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ልኮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱ አስካለ እየሮጠች ገባች።

"ጋሽ ሙክታር፣ ማሽን አጥሬን እያፈረሰ ነው። ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው፤ ብቻዬን ላነሳው አልቻልኩም።"

ሙክታር ዞሮ ጠረጴዛውን አየ። ለሐዲዱ መታጠፊያ ቦታ ስላነሰው የአስካለን ቤት ትቶት ነበር። ፎቶውን ደግሞ ሦስት ሺህ ሰው ወዶታል።

ካርቶን ቆርጦ፣ አጣብቆ ቤቱን አቆመና ፎቶውን ላከ። "እባካችሁ ቶሎ ውደዱልኝ፤ ውስጥ ሰው አለ" ብሎ ጻፈበት። የማኅበሩ ሰዎች ተረባረቡለት፤ ውጭ የማሽኑ ጩኸትም ቆመ።

አስካለ ግን ከካርቶኑ ቤት ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

"በሩስ?" አለች ቀስ ብላ።

በመስኮት ሲያይ ማሽኑ በሯን በብሎኬት መድፈን ጀምሯል። በካርቶኑ ቤት ላይ የረሳውን በር ቀዶ ሌላ ፎቶ ላከ፤ የወደደው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቤቱ ተረፈ ብለው ስልካቸውን አስቀምጠዋል።

ሙክታር መዶሻ አንሥቶ ወጣ። ብሎኬቱን አፍርሶ፣ ከአስካለ ጋር በሽተኛውን በብርድ ልብስ ተሸክመው በቀዳዳው ሲወጡ፣ ማሽኑ ከኋላቸው ብሎኬቱን መልሶ ይደረድር ነበር።