ሦስቴ «አይሆንም» ያለው ሰውዬ

«ደግሞ መለሰው! ሦስተኛው ነው እኮ!»

ፕሮግራመሯ ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው ቢሮው ሁሉ ዞሮ አያት...

ነገሩ ወዲህ ነው። የዲጂታል ሳንቲም መግዣ አፕ እየሠራች ነው። አፑ ደግሞ መረጃ የሚያገኘው ከአንድ የኮድ ላይብረሪ ነው። የትኛው ሳንቲም በየትኛው ብሎክቼን (የዲጂታል ገንዘብ መረብ) ላይ እንዳለ፣ ትክክለኛ አድራሻው፣ ማለትም ረጅሙ የፊደልና የቁጥር መለያው፣ ምን እንደሆነ የሚናገር፣ ለማንም ነፃ የሆነ መዝገብ በሉት።

አንድ አዲስ ሳንቲም እንዲመዘገብላት ላከች። አድራሻውን ያገኘችው ከቴሌግራም ግሩፕ ነው።

የመዝገቡ ጠባቂ፣ አይታው የማታውቀው ሰው፣ በላከች ቁጥር «አይሆንም። ሙሉውን አመሳክሪው» ይላታል።

በዚህ መሃል ወንድሟ ደወለ።

«እህትዓለም፣ ታክሲዋን ሸጥኳት። ሳንቲሙን በአንቺ አፕ ልግዛ?»

«ትንሽ ታገሰኝ የኔ ወንድም። አንድ ግትር ሰውዬ ይዞኝ ነው!»

አድራሻውን ከሳንቲሙ ዋና ድረ ገጽ ጋር ደግማ አየችው። መጀመሪያው ልክ... መጨረሻው ልክ...

ደሟ ፈላ። «ሳታየው ነው የምትመልሰው! ሰነፍ!» ብላ ጻፈችለት።

መልሱ የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር።

ልኩን ልትነግረው ደወለች።

«አቤት ልጄ» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«ይ... ይቅርታ፣ የመዝገቡ ጠባቂ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ነይ አብረን እንስማው።»

የማሽን ድምፅ ማንበብ ጀመረ... «ዜሮ... ኤክስ... ሰባት... ቢ...»

መጀመሪያ የሷን። ቀጥሎ የዋናውን። አርባ ሁለት ፊደልና ቁጥር፣ አንድም ሳይዘለል!

የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አንድ ናቸው። ከሰባተኛዋ ጀምሮ ግን... መሃሉ በሙሉ ሌላ!

ለካ አንድ ሌባ በዚያው ስም የውሸት ሳንቲም ሠርቶ፣ የአድራሻውን ጫፍና ጫፍ አመሳስሎታል። ሰው መሃሉን እንደማያነብ ያውቃላ!

«እርስዎ እንዴት አገኙት?» አለች።

«ዓይነ ስውር ነኝ ልጄ። ጫፍና ጫፉን አይቼ ማለፍ አልችልም። ኮምፒውተሩ ሲያነብልኝ ሁሉንም መስማት ግዴ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ያለውን... ሁሉንም?»

«አሥራ አንድ ሺህ ደርሷል» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

በነፃ እኮ ነው ወገን! ማንም ሳያመሰግናቸው! እኔ ይህን ስጽፍ ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል።

ፕሮግራመሯ እንባዋ እየወረደ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ደውላ «እንዳትገዛ! የታክሲህን ገንዘብ ያተረፉልህ አንድ አባት አሉ» አለችው።

አያችሁ... «አይሆንም» የሚለን ሁሉ ምቀኛችን አይደለም። አንዳንዱ እኛ የዘለልነውን ስለኛ ብሎ የሚጨርስልን ሰው ነው።

እናንተስ? ያኔ አናዷችሁ፣ ኋላ ግን ያዳናችሁ «አይሆንም» ባይ ማን ነበር? አመስግናችሁታል ወይስ ዛሬም አኩርፋችሁታል? እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩን...