ቫርኒሹ ሳይደርቅ

የበረንዳው የመጨረሻ ጣውላ ላይ ደርሷል፣ ደረጃው ጋ። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ብሩሹን እየሳበ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ከበሩ እስከዚህ ቀብቶታል። ዕድሜ ልኩን ሹፌር ነበርና ወደ ኋላ መሄድ ይሆንለታል።

ጎረቤቱ በአጥሩ ብቅ ብሎ በረንዳውን እንደ አዲስ አደረግከው ሲለው ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረ። ይሄ ሥራ የአምና ነበር። ዝናቡ ጣውላውን አመድ አስመስሎ አረንጓዴ ነገር ሲያበቅልበት፣ ሚስቱ ባየችው ቁጥር አንድ ቀን ይጥለናል ትለው ነበር። እሱ ነገ ነገ እያለ ከረመ። የጣላት እሷን ነው። መጀመሪያ ዳሌዋ ተሰበረ፤ አልጋ ላይ ስትውል ደግሞ ሳንባዋ ታመመ፤ በመጨረሻም ሐኪሙ ቤቷ ትሁን ብሎ ሸኛት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እሱ ነው፤ ያውቀዋል፣ ያንገበግበዋልም።

ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ለመነችው። ጣሪያ ማየት ሰልችቷታል፤ አንዴ ብቻ አውጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያሙቃት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አያውቅም። በሳሙና ፈገፈገው፣ የበሰበሰውን ነቅሎ ለወጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። እርጥብ እንጨት ቫርኒሽ ከተቀባ መልሶ ይበሰብሳል ስላሉት፣ እስኪደርቅም ጠበቀ። እሷ በየቀኑ አልደረሰም ወይ ትላለች፤ እሱ ትንሽ ነው የቀረው ይላታል። ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብሷን እያስተካከለ፣ «በቃ፣ ነገ ትወጫለሽ» አላት። ሳቅ ብላ ነበር።

ብሩሹን ጣሳው ላይ አሳርፎ ወገቡን ሲያቃና ከውስጥ ትጠራዋለች።

«አንተ ሰው... ና እስቲ።»

ይነሳል። በሩ ፊት ለፊቱ ተከፍቷል፤ ቤቱ ሌላ በር የለውም። በመሃል እርጥቡ ቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ከደረጃው ጀምሮ በሩ ላይ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ውስጥ ነበር።

መጣሁ ይላል፤ አይሄድም። በግድግዳው ጥግ የሚረግጠው ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። እሱንም አጥግቦ ቀብቶታል። ከረገጠው ዱካው ይቀራል፤ ነገ ስትወጣ የምታየው ያንን ነው። ባዶ እግር ይሻላል ብሎ ደረጃው ላይ ይቀመጥና የጫማውን ክር ይፈታል። ጣቶቹ በቫርኒሽ ተጣብቀው ያስቸግሩታል።

«መጣሁ፣ አንድ ጊዜ።»

ሁለቱንም አውልቆ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ደግማ አለመጣራቷን ልብ ያለው ያኔ ነው። በረንዳውን መሃል ለመሃል እየረገጠ ይሮጣል።

ትንፋሽ የላትም። እንዴት እንዳወረደቻቸው እንጃ፣ እግሮቿ ከአልጋው ወርደው ወለሉን ነክተዋል። የግራውን ነጠላ ጫማ አጥልቃለች፤ የቀኙ ተገልብጦ አጠገቧ ወድቋል።