የአልአሚን ደጅ ጥናት

አልአሚን መጀመሪያ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነበር። ጋትሉዋክ በመስኮት አየውና ወዲያው ለየው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ትከሻው ወርዷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነው።

ጋትሉዋክ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ የአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ኃላፊ ነው። ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ አገር አለኝ ብሎ ወደ ደቡብ ሱዳን የተመለሰ ሰው ነው። አልአሚን ደግሞ ከህንድ፣ ከኬረላ መጥቶ ጁባ ታውን ውስጥ የጅምላ መደብር ከከፈተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ኡስታዝ» አለ አልአሚን በጁባ ዓረብኛ፣ መምህር ማለቱ ነው፣ እንደቆመ። «የጀንነት ነገር ነው።»

ጀንነት ልጁ ናት። ለትምህርት ካናዳ ከመሄዷ በፊት ማሠልጠኛው ውስጥ ሁለት ዓመት አስተምራለች። እዚያ ስትመረቅ የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ተሰጣት፤ እሱ አሁን ሊያልቅ ነው። ለቋሚ ነዋሪነት እንድታመለክት ተጋብዛለች፤ ሰነዶቿን የምታስገባበት ስልሳ ቀን አላት። ካናዳ ሰው የሚቀበለው በነጥብ ነው። ዕድሜ ነጥብ አለው፣ ትምህርት ነጥብ አለው፣ ሥራ ነጥብ አለው። የታገሡት ነገር ነጥብ የለውም። ጀንነት የጁባው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ካልደረሳት ነጥቧ አይሞላም፣ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ደብዳቤው ላይ ሊፈርም የሚችለው ጋትሉዋክ ብቻ ነው።

«ቡክራ» አለ ጋትሉዋክ። ነገ።

አልአሚን ቃሉን ያውቀዋል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ጋትሉዋክ የእሱ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ያኔ ለተማሩ ሠራተኞች በተከፈተ ዕድል ካናዳ ሊያመለክት፣ ያንኑ ዓይነት ደብዳቤ ጠየቀው። አልአሚን መጋዘኑን የሚያውቅለትን ሰው ማጣት አልፈለገም። አልሰጥህም ግን አላለም። ቡክራ፣ ቡክራ እያለ ቀኑን አሳለፈበት። ጋትሉዋክ ደጅ ጠንቶ ጠንቶ፣ ዲግሪውን ይዞ ከሩዝ ጆንያ መሀል ቀረ።

ማክሰኞ አልአሚን ተመልሶ መጣ። ረቡዕም መጣ። መደብሩን ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት ዘግቶ ይመጣና በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሲሰጡት አመስግኖ አጠገቡ ያኖረዋል፣ አይጠጣውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋትሉዋክ ብቅ ይላል።

«ቡክራ።»

«እሺ ኡስታዝ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

መቼ ይደርሳል ብሎ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ጸሐፊዋ አልጣሽ ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው ዛሬም መጥተዋል።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«አንድ ገጽ ወረቀት እኮ ነው። እኔ ልጻፈው፣ እርስዎ ፈርመው ይገላገሉ።»

«እኔን ሲያመላልሰኝ ወንበር እንኳ አልነበረም።»

«እሺ እሳቸውስ ይሁን። ልጅቷ ምን አደረገችዎ?»

ጋትሉዋክ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«እሷም ትገርማለች» አለች አልጣሽ። «አንድ ቀን እንኳ ደውላ አልጠየቀችም።»

«ሥራሽን ሥሪ።»

ዝናቡ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባለሞተሮቹ ሁሉ አንሄድም ባሉበት ቀን አልአሚን ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጣሽ ጋትሉዋክን ከሥራ ጉዳይ ውጭ አላነጋገረችውም።

ጋትሉዋክ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው እንዲለምነው፣ ወይም እንዲሰድበው፣ ወይም እንዲያለቅስ። እሱ በጊዜው ሦስቱንም አድርጎታል። አልአሚን አንዱንም አላደረገም። መጥቶ ይቀመጣል፣ ቡክራ ሲባል ተነስቶ ይሄዳል። ጋትሉዋክ ሰለቸው። እንቅልፍ ጠግቦም ደክሞት ይነሳ ጀመር።

ስልሳኛው ቀን ዓርብ ዋለ። ስድስት ሰዓት ላይ ጋትሉዋክ ከቢሮው ወንበር ይዞ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«አዎ፣ ኡስታዝ።»

«አሁንም ቡክራ ብልዎትስ?»

አልአሚን ግቢው ውስጥ የተኛውን ውሃ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጋትሉዋክ አሥራ አራት ዓመት የተመኘው ደስታ አልመጣለትም። ቢያንስ ያመው እንደሆነ ብሎ የቀረችውን አንድ ነገር አወጣት።

«በከንቱ ነው የተመላለሱት» አለው። «ደብዳቤውን ፈርሜ ለጀንነት በኢሜይል የላክሁላት እርስዎ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብያት ነበር።»

አልጣሽ ከበሩ ላይ ሆና ቀና አለች።

«የዚያኑ ዕለት ደውላ ነግራኛለች» አለ አልአሚን። «የመጣሁት ግን ያኔ ያመላለስሁህን ልመላለስ ነው።»